የሚኒባሷ ውሃ የት ገባ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሰው ያገለገለች የናፍጣ ሚኒባስ ገዛ። ብቻውን አልገዛትም፤ ከሚስቱ ወንድም ጋር አዋጥተው ነው። እሱ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ይነዳል፤ የሚስቱ ወንድም ከዚያ ተረክቦ እስኪመሽ ይሠራል። ከደብረ ብርሃን ሸኖ፣ ከሸኖ ደብረ ብርሃን።

ከመካከላችሁ ያገለገለ መኪና የገዛ ካለ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ያገለገለ መኪና ስትገዙ የማታውቁትን ሰው አመልም አብራችሁ ትገዛላችሁ። ማን ነድቷታል? ዘይቷን በጊዜው ቀይሮላታል? አቀበት ላይ አስጨንቋታል? ሻጩ አይነግራችሁም። እሷ ራሷ ቀስ በቀስ ትናገራለች፤ ዛሬ ፍሬን፣ ነገ ፍሪሲዮን፣ ከነገ ወዲያ የናፍጣ ፓምፕ።

ይህች ሚኒባስ ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ አንድ ነገር ነበረባት። ውሃ ይጎድልባታል።

በፈረቃ የሚነዱ ሾፌሮች ደንብ አላቸው፤ መኪና የሚያስረክብ ሰው ዘይቷን አይቶ፣ ውሃዋን ሞልቶ ነው የሚያስረክበው። ሰውየው፣ ስሙ ሸዋንግዛው ነው፣ ጠዋት የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት ውሃው ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። የሚስቱ ወንድም ደምሴም ከሰዓት ሲረከብ እንዲሁ።

"ሞልቼ ነው የሰጠሁህ" ይላል አንዱ።

"ታዲያ እኔ ጠጣሁት?" ይላል ሌላው።

መጀመሪያ መኪናዋን ጠረጠሩ። የውሃ ፓምፑን አስቀየሩ፤ ቱቦዎቹን አስቀየሩ፤ ራዲያተሩን አስበየዱ። ለሁሉም ከፈሉ። ውሃው ግን መጉደሉን አልተወም። መኪናዋ ላይ የሚጠረጠር ነገር ሲያልቅ ምን ቀረ? ሰው ቀረ።

"ይህ ልጅ ሰንፏል፤ ሳይሞላ ሞላሁ ይለኛል" ብሎ አሰበ ሸዋንግዛው። በማሰብ ቢያበቃ ደግ ነበር። መናኸሪያ ላሉት ተራ አስከባሪዎች ነገረ። ለሻይ ቤቷ ባለቤት ነገረ። አማቱ ዘንድ ሳይቀር ሄዶ፣ "ልጅዎ ሞተር ሊያቃጥልብኝ ነው" አላቸው። ወሬው ዞሮ ደምሴ ጆሮ ገባ።

"በስሜ መናኸሪያው እየሳቀ ካንተ ጋር አልነዳም" አለው። "ትሸጥና ድርሻዬን ስጠኝ።"

ደላላ ተፈልጎ ቅዳሜ ገዢ ይዞ እንዲመጣ ተቀጠረ። አስቡት፤ ሁለት ቤት የሚበላው ከዚህች መኪና ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ እልፍነሽ አለች፤ ለአንዱ ሚስት፣ ለሌላው እህት።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ደምሴ መኪናዋን እነሸዋንግዛው ግቢ አስገባ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ፤ እልፍነሽ በጆግ ውሃ እያቀበለችው ሞልቶ ሄደ። ዓርብ ጠዋት ባሏ ክዳኑን ከፈተና ጮኸ።

"እልፌ! ነይ የወንድምሽን ጉድ እዪ!"

መጥታ አጎንብሳ አየች። "ውሃውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ" አለች። "ዓይኔ እያየ ነው የሞላው።"

"አፉ ድረስ?"

"ጫማው ላይ እስኪፈስ።"

ሸዋንግዛው ቁጣውን የሚያሳርፍበት አጣ። እሷ ግን እሱን ትታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መኪናዋ ሥር ገባች። መሬቱን በመዳፏ ዳበሰች።

"ደረቅ ነው" አለች ከሥር። "ሸዋ፣ አንድ ጠብታ የለም። ታዲያ የት ገባ?"

ወገኖቼ፣ እዚህች ጥያቄ ላይ ትንሽ ቁሙልኝ። ሁለቱ ወንዶች "ማን አጎደለው?" እየተባባሉ ነው የከረሙት። "የት ገባ?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ወንድሟን አስጠራችው። ጋቢውን እንደተከናነበ መጣ።

"ደግሞ ምን አጠፋሁ?"

"ዝም በልና ቁም። ሸዋ፣ አስነሳት እስቲ።"

ሞተሩ እየተንገራገጨ ተነሣ። ከኋላ ነጭ ጭስ ተግተለተለ።

"ይህ ምንድነው?" አለ ደምሴ።

"ብርዱ ነዋ!" አለ ሸዋንግዛው። "ጠዋት ጠዋት ሁሌ እንዲህ ናት። በዚህ ብርድ የሰው አፍስ ይጨስ የለ?"

"እኔ አይቼው አላውቅም።"

እንዴት ብሎ ይየው? እሱ ሲረከባት ሞተሩ ሞቆ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ነው። ሸዋንግዛው በየማለዳው ያየዋል፤ ግን ብርዱ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱ አንድም ጠዋት እዚያች መኪና አጠገብ አብረው ቆመው አያውቁም።

ቆዩ። ከአጥሩ ማዶ የተነሣው የጎረቤት የጭነት መኪና ጥቂት ጨሶ ጠራ። የእነሱ አልጠራም። ደምሴ እጁን ጭስ ማውጫው አጠገብ ያዘ፤ መዳፉ ረጥቦ ተመለሰ። ሦስቱም እጁን አዩ።

ጋራዥ ወሰዷት። መካኒኩ ጋሽ ተሰማ እስክትበርድ ጠብቆ ክዳኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሣ፤ ውሃው እንደ ሽሮ ተንተከተከ።

"ሞተሯ ራሷ ናት የምትጠጣው" አለ። "በሞተሩና ላዩ ላይ በሚከደነው ቴስታታ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል። ውሃው ወደ ውስጥ ይገባና ተንኖ ከጭሱ ጋር ይወጣል።"

"ስንት ያስወጣናል?"

"አሁን ከሆነ ጋርኒሲዮን መቀየር፣ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ፊቱን ማስላጥ፣ የእጅ ዋጋ። ያማል፣ ግን አይገድልም። እንዲሁ እየሞላችሁ ብትነዱ ግን አንድ ቀን አቀበት ላይ ሞተሩ ግሎ ይነክስና ቀጥ ይላል፤ ሌላ ሞተር ትገዛላችሁ።"

"እስከዛሬ እንዴት አላየነውም?"

"መሬት መሬቱን ነዋ የምታዩት! ጭሱን ማን አየ?"

ከጋራዡ ወጥተው በእግራቸው ወደ ቤት አቀኑ።

"ደላላውን ምን ልበለው?" አለ ሸዋንግዛው።

"ሞተሯ ተፈታለች በለው። የተፈታ መኪና ማን ይገዛል?" ደምሴ ቆም አለ። "ለስንት ሰው ነው የነገርክብኝ?"

"ለ... ለብዙ ሰው።"

"ለእማዬም።"

"ለእሳቸውም።"

"እንግዲህ ሞተሯ እስክትገጠም ሥራ የለህም። ዞረህ ንገራቸው።"

ዞረ። ተራ አስከባሪዎቹ ሳቁበት። አማቱ አልሳቁም፤ ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው፣ "ያን ቀን ድምፅህን ከፍ አድርገህ ነበር፤ ዛሬም ከፍ አድርግ" አሉት። ሞተሯ በሳምንቱ ተነሣች። የደምሴ ስም ጥገና ግን ከሳምንት አለፈ፤ እንደውም አለቀ ማለት ያስቸግራል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ዛሬም ደምሴን ስታይ፣ "ውሃው ሞላ ወይ?" ትለዋለች።

እስቲ እናንተን ልጠይቃችሁ። በየቤታችሁ የሚጎድል ነገር የለም? ጨዋታው፣ ሰላሙ፣ አብሮ መጸለዩ? ትሞላላችሁ፣ ይጎድላል። ትሞላላችሁ፣ ይጎድላል። ማንን ጠረጠራችሁ? ሚስታችሁን? ወንድማችሁን? አብሯችሁ የሚሠራውን? ያ ሰው የሚያየውንና እናንተ የምታዩትን አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን ቆማችሁ አይታችኋል?

ምናልባት ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ ይህም አለ። ያኔ ቢያንስ አይታችሁ ትናገራላችሁ። ግን ባይሆንስ? ያልበደለውን ሰው ስም እግዚአብሔር ፊት ስንት ጊዜ በክስ አነሣችሁት? ለስንት ሰውስ ነገራችሁበት?

እስቲ አንድ በአንድ አስታውሷቸው። የነገራችኋቸው ሰዎች ዛሬም ወንድማችሁን የሚያዩት በእናንተ ወሬ በኩል ነው። እሱ ገበያ መሀል ሰላም ሲላቸው ፊታቸው ለምን እንደሚቀዘቅዝ አያውቅም።

እናንተ ግን ታውቃላችሁ።