ጎንበስ ሲሉለት የቀረበው ውሻ

አንዲት ሴት ነበረች። ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ የምታስተምር ሴት። እዚያ ጠዋት ጠዋት ጉም ከውሃው ተነሥቶ፣ አጥር ተሻግሮ፣ እንደ አርፋጅ ተማሪ ቀስ ብሎ ግቢ ይገባል። ሕንፃው ይጠፋል፣ ባንዲራው ይጠፋል፣ ልጆቹ ድምፅ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

አንዷ ልጅ ግን ድምፅም አልነበራትም። ትንግርት ትባላለች። ወንድሟን ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት መኪና ገጭቶ ከገደለው ወዲህ በየጠዋቱ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አዝላ ትመጣለች። በሩ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። አትገባም። አትናገርም። እናቷም ተስፋ ቆርጣ፣ "በዚህ ወር ካልገባች ትምህርቱ ይቅርባት፤ ገጠር አክስቷ ዘንድ እልካታለሁ" ብላለች።

መምህርቷ ምን ታድርግ? ጸለየች። መከረች። ከረሜላ ገዛች። በመጨረሻ የተጨነቁ ልጆችን ለማጽናናት የሠለጠነ ውሻ እንዳለ ሰማች፤ ካሠለጠኑት ሰዎች ለምና ልታመጣው ተነሣች።

ውሻ! ወደ ትምህርት ቤት! የወላጆች ኮሚቴ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ጌጤነህ ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"መምህርት፣ እኛ ልጆቻችንን የላክነው ሰው እንዲሆኑ ነው።"

"ውሻው እኮ ተምሮ ነው የሚመጣው፣ ጋሼ።"

"ተምሮ? የኔ ልጅ ተመርቆ ያጣውን ሥራ ውሻ ያዘው በይኛ!"

"አይናከስም፣ ጋሼ።"

"የተማረ አይናከስም ያለሽ ማነው?"

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። የሳቀ ሰው ደግሞ ትንሽ ይለዝባል። "እሺ፣ ለአንድ ጠዋት ይምጣ" አሉ አቶ ጌጤነህ። "አንድ ልጅ ካስለቀሰ ግን በመጣበት ይመለሳል።"

ውሻው ደመና ይባላል። መጣ። ከጉሙ የተቆረሰ ይመስል ነጭ ነው፤ አረማመዱ ዝግ ያለ፣ ኮቴው የማይሰማ። ልጆቹ ለሰልፍ ቆመዋል።

ወገኖች፣ እኛ አገር ልጅ ውሻ ሲያይ ምን ያደርጋል? ታውቁታላችሁ። ማን አስተማራችሁ? ማንም። ጎንበስ ይላል! ድንጋይ ኖረም አልኖረም፣ ጎንበስ። ውሻውም ያውቀዋል፤ ጎንበስ ሲሉበት ጭራውን ወሽቆ ይፈተለካል። ማንም ያልፈረመው፣ ሁሉም የሚያከብረው ውል ነው።

እናም ሰልፉ በሙሉ፣ ነፋስ እንዳለፈበት ገብስ፣ ጎንበስ አለ። ሊታዘቡ የመጡት አቶ ጌጤነህም ከነኮታቸው ጎንበስ።

መምህርቷ ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ፤ አሁን ይሸሻል አለች በልቧ።

ደመና ግን ድንጋይ ተወርውሮበት አያውቅም። እሱ ባደገበት ቤት ሰው ጎንበስ የሚለው ሊዳብስ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ጎንበስ ሲልለት ምን ይምሰለው? እንዴት ያለ ደግ አገር ነው ሳይል አልቀረም! ጭራውን እየቆላ ቀረበ። ከልጅ ወደ ልጅ እየሄደ ድንጋይ የጨበጠውን እጅ ሁሉ ላሰ። ድንጋዩም በጉሙ ውስጥ ጠብ አለ። ጠብ። ጠብ። ዝናብ ሲጀምር እንደሚለው።

"መላጣዬን ላሰኝ!" ብለው ጮኹ አቶ ጌጤነህ። "ኮሚቴው ምስክር ይሁን!" ግን ቀና አላሉም።

ትንግርትም ጎንበስ ብላ ነበር። ከበሩ ውጭ፣ ጠጠር ጨብጣ። ደመና እስከ በሩ ወጣ፤ እሷን ግን አልላሳትም። አገጩን ጫማዋ ላይ አሳርፎ ተኛ።

ጉሙ ራሱ መሄዱን የተወ መሰለ። ከዚያ፣ ከተሰማ የሰነበተ ድምፅ መጣ።

"ቲቸር፣ ጠጠሩን ምን ላድርገው?"

መምህርቷ ወደ በሩ ቀረበች። "እንደፈለግሽ፣ የኔ እናት።"

ልጅቷ ጠጠሩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው። የውሻውን ገመድ ይዛም ገባች። እስከ ባንዲራው ድረስ ብቻ። በማግስቱ እስከ ክፍሉ ደጃፍ። አትቸኩሉባት።

"እንግዲህ ልጅ አላስለቀሰም" አለች መምህርቷ። "ያስለቀሰው እርስዎን ነው፣ ጋሼ።"

"ጉሙ ነው" አሉ አቶ ጌጤነህ፣ ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ እየጠረጉ።

አሁን ጥያቄው ወደ እናንተ ይዙር። እናንተ ጎንበስ ስትሉ የሚሸሸው ማነው? ማታ ቤት ገብታችሁ ጫማችሁን ልታወልቁ ጎንበስ ስትሉ፣ ልጃችሁ ለምን ሶፋው ጀርባ ይገባል? የወደቀ ማንኪያ ልታነሡ ጎንበስ ስትሉ፣ የቤት ሠራተኛችሁ ለምን ፊቷን በክንዷ ትከልላለች? ምን ስታነሡ ብታያችሁ ነው?

በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ጎንበስ ሲል የሚያነሣው ድንጋይ ነው? የእናንተን እግር ነው፣ ሊያጥበው። ታጥባችሁ ቤታችሁ ትመለሳላችሁ። ንጹሕ እግር ይዛችሁ ትመጣላችሁ። እጃችሁስ?

ዛሬ ልጃችሁ ፊት ጎንበስ በሉ። ይሸሽ ይሆናል። ቢሸሽ አትቆጡት፤ ያደረገው የሚያውቀውን ነው። አትከተሉት። እንዳጎነበሳችሁ እጃችሁን ዘርጉና፣ ባዶ መሆኑን አይቶ እስኪመጣ ጠብቁት።