የጃርት ሁለት እንስራዎች

አንድ ጊዜ ጃርት ሸንኮራ ስትጨምቅ ቀበሮ ደጇ ላይ ቆማ መርዶ አረዳቻት። «እመት ጃርት፣ ጨክኚ። ባልሽን ደራሽ ውሃ ወሰደው፤ ሬሳውም አልተገኘም።»

ጃርት አለቀሰች። የጀመረችውን እንስራ ግን አልተወችም፤ ባሏ ያስተማራት ሥራ ነበር። ከአበባ ላይ የተለቀመ እርሾ በሸንኮራ ጭማቂ ያድጋል፤ ጣፋጩ ተርፎት ሌላ ምግብ ሲያጥረው መራባቱን ትቶ ስብ ያጠራቅማል። ከዚያ ደርቆና ተወቅጦ ሲፈላ ቅባቱ ይንሳፈፋል። ጃርት ለባሏ ተዝካር በዚያ ቅባት ኩራዝ አበራች።

አያ ጅቦ ሽታውን ተከትሎ መጣ። «ከብት አላረደች፣ ኑግ አልጨመቀች! ይህ ስብ ከየት መጣ?»

«ሬሳውም አልተገኘም» አለች ቀበሮ፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ ወዲያ ሚዳቋ ግልገሏን ከጃርት ደጅ አራቀች። ጦጣም ሰላምታዋን ከዛፍ ላይ ሆና ትሰጥ ጀመር። በመጨረሻ አንበሳ አስጠራት።

«ባሏን አቀለጠችው ይሉሻል።»

«ንጉሥ ሆይ፣ እርሾ ነው።»

«እርሾ ይሰባል እንዴ?» አውሬው ሁሉ ሳቀ።

«ሰባት ቀን ይስጡኝ፤ በፊታችሁ ሁለት እንስራ ልጥመቅ።»

«ስብ ካልወጣው ከዚህ ዱር ትባረሪያለሽ» አለ አንበሳ። አንዱን እንስራ ቀበሮ፣ ሌላውን አያ ጅቦ እንዲጠብቁ አዘዘ።

አያ ጅቦ ብቻውን ሲቀር ምራቁን ዋጠ። «በሸንኮራ እንዲህ ከሰባ፣ በሥጋማ!» ብሎ ከከሳ በሬ የነጨውን ጅማት በየቀኑ ይጨምርበት ጀመር።

በሰባተኛው ቀን የእሱ እንስራ አስቀድሞ ተከፈተ። እርሾው ገንፍሎ አፉን ሞልቶታል፤ ደርቆና ተወቅጦ ሲፈላ ግን ጠብ የሚል ስብ የለም።

«አላልኳችሁም!» ጮኸ አያ ጅቦ።

ቀበሮ ከእንስራው ሥር አንድ ጅማት ስባ አወጣች። «ይህ የጥርስ ምልክት የማን ነው?»

«የኔ ነዋ! እንዲሰባ አበላሁት፤ እሱ ግን ምስጋና ቢስ ነው።»

«አያ ጅቦ፣ ሥጋ ያገኘ እርሾ ሲራባ ይውላል እንጂ ስብ አያጠራቅምም» አለች ጃርት።

ቀበሮ የጠበቀችው እንስራ ተከፍቶ፣ እርሾው ደርቆና ተወቅጦ ሲፈላ ቢጫ ቅባት ከላዩ ተንሳፈፈ። ማንም አልሳቀም።

ቀበሮ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። «እኔ እኮ ሬሳው አልተገኘም ብቻ ነው ያልኩት።»

«እውነትሽን ነው፣ ያልሽው እሱን ብቻ ነው» አለች ጃርት። «ዛሬ ደግሞ ነፍስ ይማር በይ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የማናውቀው ሥራ ሁሉ ወንጀል አለመሆኑንና ሐዘንተኛን ከመጠርጠር እንስራዋን ከፍቶ ማየት እንደሚሻል ነውና፣ እናንተም ይህን ያነበባችሁ ለሟቹ ነፍስ ይማር በሉ።