ከሌላው ጫፍ የሚጀምር እጅ

ርብቃ፣ ነይ ወዲህ ጠጋ በይ። ጳጉሜ ገብቷል፣ ዝናቡም እየተሰናበተ ነው፤ ብርዱ ግን ገና አልለቀቀንም። ጋቢውን እግርሽ ላይ ጣል አድርጊና ስሚኝ።

ምሳ ላይ ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። «እምዬ፣ የጻፍኩትን ኮድ መጀመሪያ ማሽን ይፈትሸዋል፣ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ባልደረባዬ መስመር በመስመር ያየዋል። ያውም የማንዋደደው ሰው። ካላመኑኝ ለምን ቀጠሩኝ?» አልሽ። እኔ ኮድ የሚባለውን አላውቅም፣ ፊደልም አልቆጠርኩም። በማውቀው በገመድ ልመልስልሽ።

አንድ ሰው ነበረ። ጠፍር ገማጅ ነበረ። የሚኖረው ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ ነው፤ ወደዚያ አምባ መውጫው አንድ የጠፍር ገመድ ብቻ ነበር። ሙሽራ በእሱ ይወጣል፣ በሽተኛ በእሱ ይወርዳል፣ ጨውም ዘርም በእሱ ይጎተታል። ገመዱ ሲያረጅ ይህ ሰው የበሬ ቆዳ አልፍቶ፣ ጠፍር አውጥቶ፣ አዲስ ይገምዳል። እጁ የተባረከ ነበር፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም።

አምባው ግን ከአባት የወረደ ሥርዓት ነበረው። አዲስ ገመድ እንዲያው ተነሥቶ ገደል ላይ አይሰቀልም። መጀመሪያ ከቀንድ በተሠራ ቀለበት ውስጥ ይሳባል፤ ያበጠ ቦታ ካለ ቀለበቱ ይይዘዋል፣ የቀጠነም ካለ ይላላበታል። ቀጥሎ ገመዱን ያልገመደ ሰው ከመጨረሻው ጫፍ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው በእጁ ይዳስሰዋል። ዳስሶ «ደኅና ነው» ያለው ሰው ደግሞ ቀድሞ ይንጠለጠልበታል።

አንድ ዓመት እንዲሁ እንደ ዛሬው ክረምቱ ሲወጣ፣ የገማጁ ልጅ ልትወልድ ከባሏ አገር መጣች። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፣ ታውቂያለሽ። ከገደሉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ባሏ ከጎኗ ቆሞ፣ ሆዷን ደግፋ ትጠብቃለች። አሮጌው ገመድ በክረምቱ በስብሷል። አዲሱ ተገምዶ አልቋል፤ ገና አልተዳሰሰም።

በአምባው ላይ ከእሱ ሌላ ገመድ የሚያውቅ ሰው አንድ ጎረቤቱ ብቻ ነበር፤ እሱም የድንበር ጠበኛው። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አይባባሉም።

ገማጁም የአምባውን ሽማግሌዎች «የምትንጠለጠለው ልጄ ናት። ከእኔ በላይ ማን ይሳሳላታል?» አላቸው።

«መውደድ ዓይን ይሆናል ያለህ ማን ነው?» አሉትና ጎረቤቱን አስጠሩት።

ጎረቤቱ መጥቶ ገመዱን አነሣ። «ቅባት አብዝተህበታል» አለ።

«ለእጅህ እንዲለሰልስልህ ብዬ ነው። መቼም ሥራ የለመደ እጅ የለህም» አለው ገማጁ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ሊደብቁ ፊታቸውን አዞሩ።

ገመዱን በቀለበቱ ሳቡት። አንድ ቦታ ላይ ያዘው። ገማጁ ሳይከራከር ያበጠውን ፈትቶ አጠበቀው፤ ከቀለበት ጋር ማን ይጣላል፣ ቀለበት አይመቀኝም፣ አይደክመውም። ደግመው ሲስቡት እስከ ጫፉ ሰተት ብሎ አለፈ።

«ይኸው አለፈ። ልጄን ላውጣ» አለ ገማጁ።

«ቀለበት የሚያውቀው ወፍራምና ቀጭን ነው፣ ውስጡን አያውቅም። ስጠኝ» አለ ጎረቤቱ።

ዓይኑን ጨፍኖ ከመጨረሻው ጫፍ ጀመረ። ገመዱ በጣቶቹ መካከል ቀስ እያለ ያልፋል። ከታች «አባዬ፣ ቶሎ በሉ፣ ምጥ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ድምፅ ተሰማ። ገማጁ ላብ በላብ ሆነ። ጎረቤቱ አልቸኮለም። ከመሃል ጥቂት አለፍ እንዳለ ጣቱ ቆመ። መለስ ብሎ ጀመረ፤ እንደገና እዚያው ቆመ።

«እዚህ ስትደርስ ማን ጠራህ?» አለ።

ገማጁ ጎንበስ ብሎ ቦታውን አየ።

«ከዚህ ወዲህና ከዚህ ወዲያ ያለውን አንድ እጅ አልገመደውም። ከሥራህ ማን አስነሣህ?»

የገማጁ ፊት ተለወጠ። ትዝ አለው። ከገደሉ ሥር ተጣርተው «ልጅህ ልትወልድ ትመጣለች» ያሉት ልክ እዚያ ላይ ሲደርስ ነበር። በደስታ ብድግ አለ፣ ሚስቱን ጠራ፣ ጠላ ጠጣ። ሲመለስ ጠፍሩ ደርቆ ነበር፤ ሳያርሰው ቀጠለበት። ሊደብቅ አይደለም፤ ረስቶት ነው።

ፈቱት። ውስጡ ጠፍር ከጠፍር የተቀጠለበት ቦታ የተያያዘው የጥፍር ያህል ብቻ ነበር፤ ጎረቤቱ በሁለት ጣቱ ሳብ ሲያደርገው ተላቀቀ። አስቢው እስቲ፣ አንድ ሰው የሌላውን ሰው ደስታ በጣቱ ዳስሶ ገመድ ውስጥ አገኘው። ይህን ባወራሁ ቁጥር ሰውነቴን ይወርረኛል።

ሁለቱ ጠበኞች ጎን ለጎን ተንበርክከው ጠፍሩን አርሰው እንደገና ገመዱት። በቀለበቱ ሳቡት። ጎረቤቱ ዳግመኛ ዳሰሰና «ደኅና ነው» አለ። ከዚያ ወገቡን አስሮ፣ ጠበኛው በገመደው ገመድ፣ ጠበኛው ከላይ ሆኖ እየያዘለት፣ ገደሉን ወረደ። ልጅቱንም ከታች በእጁ አስሮ ላካት።

አየሽ ርብቃ፣ ገመዱ ያ የምትጽፊው ነው። ሐኪም ቤት የመድኃኒቱን ልክ ለነርሷ የሚነግራት እሱ ነው አላልሽኝም? እንግዲያው ሰው ተንጠልጥሎበታል፣ አንቺ ግን አታዪውም። ቀለበቱ ማሽንሽ ነው፤ አትናቂው፣ አለፈ ብለሽም አትተኚ። የገዛ እጅሽ በሄደበት መንገድ ሲመለስ ሁሉም ልክ ይመስለዋል። ስለዚህ ከሌላው ጫፍ የሚጀምር እጅ ያስፈልግሻል፣ የማትወጂው ሰው እጅም ቢሆን። ይህ አለመታመን አይደለም፤ ማንም ሰው ደስ ባለው ሰዓት እጁ ምን እንደሠራ አያውቅም። የሌላው ሥራ ወደ አንቺ ሲመጣ ደግሞ፣ ልትንጠለጠዪበት ካልደፈርሽ «ደኅና ነው» አትበዪ።

ልጅቱ የዚያኑ ዕለት በእናቷ ቤት ወንድ ልጅ ወለደች። ጎረቤቱ ክርስትና አነሣው። አበልጅም ሆነው ሁለቱ ሰዎች በድንበሩ እስኪሞቱ ተካሰሱ፤ አንዱ ያልዳሰሰውን ገመድ ግን ሌላው ሰቅሎ አያውቅም። ገማጁ ቀድሞ ሞተ፣ ጎረቤቱ አልቅሶ ቀበረው። ገመዱም በጊዜው አረጀና በሌላ ተተካ። ከእሱ ላይ የወደቀ ሰው የለም።