በእጅ ዋጋ ወይስ ከነዕቃው?

አንዲት ዘርትሁን የምትባል በርበሬ ነጋዴ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ተከራይታ ከኖረች በኋላ በከተማው ዳር፣ ተዳፋት ላይ፣ ቁራሽ መሬት ገዛች። መሬቱ ቁልቁል ስለሆነ ቤት ከመሠራቱ በፊት አፈሩን የሚይዝ የድጋፍ ግንብ ያስፈልገው ነበር። ከተዳፋቱ ሥር ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ ሽማግሌ ሸማኔ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ግንቡ የዘርትሁንን ቤት ብቻ ሳይሆን የእነሱንም ነፍስ የሚጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ዘርትሁን በርበሬን ከሩቅ አሽትታ ታውቃለች፤ ስለ ግንባታ ግን የምታውቀው አልነበረም። አንድ ተቋራጭ መጣና፣ «እህቴ፣ ከነዕቃው ስጪኝ። ሲሚንቶ ልግዛ፣ አሸዋ ላስመጣ እያልሽ ለምን ትንከራተቻለሽ? አንቺ ገበያሽን ነግጂ፤ እኔ ጨርሼ አስረክብሻለሁ» አላት። ንግግሩ ጣፈጣትና ተስማማች። ግንቡ በሦስት ሳምንት ቆመ። ለዓይን ያምር ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ዶፍ ዝናብ ሲወርድ ግንቡ ከወገቡ ተቆርጦ ሸማኔው ግቢ ውስጥ ወደቀ። ጋሽ ሽብሩና ባለቤታቸው ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ተረፉ። የሚሸምኑባት ዳስ ግን ከነዕቃዋ ከድንጋዩ ሥር ቀረች። ዘርትሁን ሮጣ ደረሰች። ከፍርስራሹ አንድ ቁራጭ አንስታ በጣቷ ብታሸው እንደ ዱቄት ተነነ። ሲሚንቶው ለስሙ ያህል ነው የገባው። ተቋራጩን ብትፈልገው ስልኩ ተዘግቷል፣ ሰፈሩንም ለቋል።

ለጣራ ያስቀመጠችውን ቆርቆሮ ሸጣ ለሸማኔው አዲስ የሽመና ዕቃ አሠራችላቸው፤ ዳሷንም መልሳ አቆመች። ከዚያ በኋላ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «ከእንግዲህ አንድ አካፋ አሸዋ እንኳ በሌላ ሰው እጅ አላስገዛም! የምከፍለው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው» አለች።

ያለችውንም አደረገች። ክረምቱ እንደወጣ ሲሚንቶ ቤት ለሲሚንቶ ቤት ዞረች። አሸዋ በመዳፏ ጨብጣ ስትለቀው ጭቃ ከተወባት «ይሄ አፈር ነው» ብላ መመለስ ተማረች። ድንጋይ ግን ስለረከሰላት ከወንዝ ዳር አስጫነች። ሁሉም ከተከመረ በኋላ አስናቀ የሚባል ግንበኛ በእጅ ዋጋ ያዘች።

አስናቀ በመጀመሪያው ቀን ድንጋዩን አገላብጦ አየና፣ «እትዬ ዘርትሁን፣ ይሄ የወንዝ ድንጋይ ድቡልቡል ነው፤ እርስ በርሱ አይያያዝም። ከካባ ተፈልጦ የወጣ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረ።

ዘርትሁን አላስጨረሰችውም። «ዕቃው የኔ ነው። አንተን የቀጠርኩህ ለእጅህ ነው፤ እጅህን አንቀሳቅስ!»

አስናቀ ሥራውን ጀመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሥራው አንዲት ቃል አልወጣውም።

በአሥረኛው ቀን ዘርትሁን ከገበያ ቀደም ብላ ተመለሰች። የተቦካው ሲሚንቶ ተርፎ በርሜሉ ውስጥ ደርቋል። ሁለት ከረጢት አፉ እንደተከፈተ ጤዛ መትቶት ጓጉሏል። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት ጡብ ያስገባል፤ የተሞላው በሲሚንቶ ብቻ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ብክነት?» ብላ ጮኸች።

«እኔ የተዋዋልኩት የእጅ ዋጋ ነው» አለ አስናቀ ቀና ሳይል። «ዕቃ ጠባቂ አይደለሁም።»

ሥራውን አስቆመች። ግማሽ የደረሰው ግንብ ፊት ለፊት ተቀምጣ አሰበች። ዕቃው የተቋራጩ ሲሆን ሰሰተብኝ፤ የኔ ሲሆን ተባከነብኝ። ታዲያ በየት በኩል ልያዘው? ወንድሟ መጥቶ፣ «ሽጪውና ተገላገዪ፤ ግንባታ የሴት ነገር አይደለም» አላት። እሷ ግን፣ «በርበሬ ንግድም የሴት አይደለም ብለኸኝ ነበር፤ እስካሁን የበላነው ከሱ ነው» ብላ አሰናበተችው። መሸጥ የሚባል ነገር በልቧ አልነበረም።

ከዚያ ቁልቁል ወርዳ ጋሽ ሽብሩ ዘንድ ገባች። ሽማግሌው እየሸመኑ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ እኔስ የምኖረው በምን ይመስልሻል?» አሏት። «በእጅ ዋጋ ነው። ፈትሉን ሸማ የምታሠራው ሴት ታመጣለች፣ እኔ እሸምናለሁ።»

«ታዲያ ፈትሉ አይባክንብዎትም?»

«ለምን ይባክናል? የምታመጣው ሴት መጀመሪያ፣ ‹ጋሽ ሽብሩ፣ ይሄ ለድር ይሆናል ወይስ ለማግ?› ብላ ትጠይቀኛለች። አይሆንም ካልኳት ይዛው ትመለሳለች። ስለጠየቀችኝ ሸማው የኔም ሆነ ማለት ነው። የራሴን ሥራ እንዴት አበላሻለሁ? የተረፈውን ክር ጠቅልዬ ነው የምመልስላት።» መወርወሪያውን አስቀመጡና ተመለከቷት። «አንቺስ ግንበኛሽን ምን ብለሽ ጠየቅሽው?»

ዘርትሁን ያን ልጅ እግር ግንበኛ አንድም ነገር ጠይቃው አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኞች ሥራ ፍለጋ ከሚቆሙበት አደባባይ ሄደች። አስናቀ መዶሻውን አጠገቡ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያያት ለጠብ የመጣች መስሎት ተነሣ።

«አስናቀ፣ በመጀመሪያው ቀን ልትነግረኝ የነበረውን አላስጨረስኩህም። አጥፍቻለሁ። ዛሬ ጨርስልኝ።»

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ያ ግንብ አይቆምም። ድንጋዩ አይሆንም። ደግሞ ግንብ የሚጥለው ውሃ ነው። ከኋላው የሚጠራቀመው ውሃ መውጫ ካላገኘ የፈለገውን ያህል ሲሚንቶ ቢገባበት ይገፋዋል። ይሄን እያወቅኩ ስገነባ ነበር። ተቀይሜ ነው ዝም ያልኩት፤ ከሥር ሰው እንዳለ እያየሁ። እኔም አጥፍቻለሁ።»

ዘርትሁን የአሥር ቀን ድካሟና ገንዘቧ በዓይኗ ዞረባት። ከዚያ፣ «አፍርሰው» አለች።

«ለማፍረሱ አላስከፍልዎትም» አለ አስናቀ።

አሁንም ውሉ የእጅ ዋጋ ነበር፤ ዕቃውንም የምትገዛው እሷው ነበረች። ግን ወደ ካባው አብረው ሄዱ። እሱ ድንጋዩን በመዶሻ እያንኳኳ መረጠ፣ እሷ ዋጋ ተከራከረች። ስንት ከረጢት ሲሚንቶ በቀን እንደሚበቃ ማለዳ ይነግራታል፤ ያንኑ ታወጣለታለች። አንድ ቀን ሩብ ከረጢት ሲተርፍ አስናቀ ራሱ አፉን አስሮ ቆጥ ላይ አስቀመጠው። ከግንቡ ሥር በየሁለት ክንዱ የውሃ መውጫ ቱቦ ቀበረ፤ ከኋላው ጠጠር ሞላ። ዘርትሁን ገበያ ሳትወጣ በዋለችባቸው ቀናት ድንጋይ አቀበለች። መዳፏ ቆሰለ፤ አላረፈችም።

በሚቀጥለው ነሐሴ ቀኑን ሙሉ ያላባራ ዝናብ ዘነበ። ዘርትሁን በዝናቡ ወርዳ ከግንቡ ፊት ቆመች። ከየቱቦው ድፍርስ ውሃ እየተንዶቀዶቀ ወጥቶ በቦዩ ይሄዳል። ድንጋዩን በመዳፏ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም። በመስከረም የቤቷን መሠረት አስቆፈረች።

ከዚያ ወዲህ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሁሉ እየመጣ፣ «በእጅ ዋጋ ይሻላል ወይስ ከነዕቃው?» ይላታል። እሷም እንዲህ ትመልሳለች፦ «ሁለቱም ያከስራል፤ ሁለቱም ያዋጣል። ከነዕቃው ስሰጥ ዓይኔን ከሥራው አንሥቼ ሄድኩ፤ ተሰረቅኩ። የእጅ ዋጋ ስከፍል የሰውየውን እጅ ገዝቼ ጭንቅላቱን ቤቱ አስቀረሁበት፤ ተበላሸብኝ። መጀመሪያ ሥራውን ዕወቅ፤ ቀጥሎ የሚሠራልህን ሰው አክብረህ ጠይቀው። ዋጋውን ከዚያ በኋላ ትነጋገራላችሁ።»

ወዳጄ፣ ውል የሰውን ጉልበት ሊያስርልህ ይችላል፤ ልቡን ግን አያስርልህም። ልብ የሚገኘው በመከበር ነው። የተከበረ ባለሙያም በበኩሉ የሚያውቀውን መደበቅ የለበትም፤ ቅያሜ የሌላውን ሰው ጣራ ሊንድ ይችላልና። አንተስ ዛሬ በቤትህ፣ በመሥሪያ ቤትህ ወይም በእርሻህ፣ ከፍለህ ዝም ያሰኘኸው ሰው ይኖር ይሆን?