የታንጉት ቅጠል

ዘመኑ ሩቅ ነው። ለእኛ የነገሩን ሰዎች አፈር ከለበሱ ቆይተዋል፤ ለእነሱ የነገሯቸውም እንዲሁ። ስሟ ግን አልጠፋም። ታንጉት ትባላለች።

ታንጉት በዋርካ ውኃ መንደር ትኖር ነበር። ባል የላት፣ በሬ የላት። ያላት አንድ ነገር ነው፤ ከመንደሩ ምንጭ አጠገብ አባቷ የተከሉላት አርባ ባሕር ዛፍ። ጭራሮውን ትሸጣለች፤ ቅጠሉን ታነዳለች። እነዚያ ዛፎች ከሄዱ ምንም የላትም። በእንዲህ ያለ ቤት ክረምት ረጅም ነው። ያየው ያውቀዋል።

አንድ ክረምት ጉንፋን መንደሩን አዳረሰው። የሰው አፍንጫ ተደፈነ፤ ደረቱ ታፈነ። ታንጉትም ታመመች። ማንም አልጠየቃትም። ከዛፎቿ ለምለም ቅጠል ቀጥፋ በድስት ቀቀለች። ድስቱን ከእሳት አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ጋቢዋን ተከናንባ እንፋሎቱን ታጠነች። አፍንጫዋ ተከፈተ። በማግስቱ ለጎረቤቷ አደረገችላት። በሳምንቱ ደጇ ላይ ሰው ተሰለፈ። “ጭራሮ ሻጯ ሐኪም ሆነችልን” እያሉ ሳቁ፤ እየሳቁም ተሰለፉ።

“ሐኪም አይደለሁም” አለች። “አፍንጫ እከፍታለሁ። ከዚያ ያለፈውን አላውቅም።”

ከተሰለፉት አንዱ ቢተው የሚባል ሰው ነበር፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። “ሽታው ይህን ከሠራ መጠጡ ምን ሊሠራ ነው” አለና ውኃውን አንድ ሙሉ ጣሳ ጨለጠው። ሁለት ቀን አስመለሰው። ለጥቂት ተረፈ። ወንድሞቹ “መርዛው ነው” ብለው ታንጉትን ከሰሷት።

ነገሩ አያ ደምለው ዘንድ ቀረበ። አያ ደምለው የውኃ ዳኛ ነበሩ፤ የምንጩን ተራ የሚያከፋፍሉ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ። ባሕር ዛፎቹንም አይወዱም፤ ምንጩን ይጠጡብናል ይሉ ነበር።

“ምን አጠጣሽው?” አሏት።

“እኔ ለአፍንጫው ሰጠሁት፣ አያ። እሱ ለአፉ አደረገው።”

ሰው ሳቀ። አያ ደምለው አልሳቁም።

“እንግዲያው እዚሁ ፊታችን ቀቅዪ። መጀመሪያ ራስሽ ግቢበት። ፍርዴ ይህ ነው።”

ቀቀለች። ገባችበት። ፊቷ ቀልቶ፣ ላብ አጥምቋት ወጣች። “ቀጣዩ ማነው?” አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሷ ሳትታጠን ለማንም አልሰጠችም።

በጋ መጣ፤ ምንጩ ቀጠነ። አንድ እንስራ ለመሙላት ግማሽ ቀን ፈጀ። አያ ደምለው መጥተው “ታንጉት፣ ዛፎቹ ይቆረጡ” አሉ።

ሰው ትለምናለች ብሎ ጠበቀ። አልለመነችም። እሷም እንስራ ይዛ ተሰልፋ ነበር፤ ውኃው መቅጠኑን በዓይኗ አይታለች።

“ማንም አይንካቸው፤ እኔው እቆርጣቸዋለሁ” አለች። “ሸንተረሩን ግን ስጡኝ።”

ከመንደሩ በላይ ያለው ሸንተረር ድንጋይ ነው፤ ማንም አያርሰውም። ሰጧት፤ እየሳቁ።

አርባውን ዛፍ በአንድ ምሳር ጣለች። ክረምት ሲገባ ሸንተረሩ ላይ ችግኝ ተከለች። በጋውን ሙሉ ከወንዝ በእንስራ ውኃ ተሸክማ እየወጣች አጠጣች፤ ከምንጩ አንዲት ቅል አልቀዳችላቸውም።

ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት አይሞትም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አያ ደምለው ይህን ያውቃሉ። ጠዋት ጠዋት ጉቶዎቹን ሊያዩ ይወርዳሉ። ቡቃያ አላገኙም። ታንጉት ቀድማቸው ትወርድ ነበር፤ ያቆጠቆጠውን በእጇ ትሰብር ነበር። አንድ ዓመት ሰበረች። ሁለት ዓመት ሰበረች። ሦስተኛውንም ሰበረች፤ ምንጩ ሞላ።

በአራተኛው ክረምት አያ ደምለው ራሳቸው በጉንፋን ታፈኑ። ሰው መላክ አፈሩ። ታንጉት ሳትጠራ መጣች፤ ቅጠል ይዛ፣ ድስት ይዛ። ቀቀለች፣ አወረደች፣ ጋቢውን ገልጣ መጀመሪያ ራሷ ገባች።

“ተዪው፤ አምንሻለሁ” አሉ።

“ፍርዱ የእርስዎ ነው፣ አያ” አለች ከጋቢው ሥር። ታጥና ጨረሰች። ከዚያ አከናነበቻቸው።

ታንጉት ከሞተች ስንት ትውልድ አለፈ። ዛሬም በዋርካ ውኃ ቅጠል የሚፈልግ ሰው በቀጥታ ወደ ሸንተረሩ አይወጣም። መጀመሪያ ምንጩ ዘንድ ይወርዳል። ጉቶዎቹ ከበሰበሱ ቆይተዋል፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ባዶውን መሬት ይዳስሳል፤ የበቀለ ካለ ሊሰብር። ከዚያ ይወጣል፣ ቅጠሉን ይቆርጣል፣ ይቀቅላል፣ ድስቱን አውርዶ መጀመሪያ የራሱን ፊት ያስገባል። ለምን ብትሉት “ታንጉት” ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም።