ሸክላ ሠሪዋን ከጠበል የመለሰችው እናት

የልመና ቃል በሰው አፍ ውስጥ ፍርድ የሚሆነው እንዴት ነው? አጸደ ይህን እስከ ዛሬ ልትመልሰው አልቻለችም።

ምእመናን ሆይ፣ ይህች አጸደ እመቤታችንን እጅግ የምትወድ፣ የመጀመሪያ ልጇን ያቀፈች ወጣት እናት ነበረች፤ ፊደሉን በጣቷ እየለቀመች የምታነብ ብትሆንም በየዕለቱ ከጸሎት መጽሐፏ አንድ ገጽ ሳታደርስ እህል ላትቀምስ ተስላ ነበርና አንድም ቀን አላጓደለችም።

ከዕለታት አንድ ቀን ሸክላ ሠሪዋ ታንጉት ጨቅላዋን አዝላ ጠበል ልትቀዳ ወረደችና ከአጸደ ጋር በጠበሉ የነበሩት ሴቶች "ቡዳዋ መጣች" ብለው ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ከዚያም አጸደን "አንቺ ፊደል ታውቂ የለ፣ እስቲ መጽሐፉ ምን ይላል?" አሏት። እርሷም ስለ ልጇ ፈርታ መጽሐፏን ገለጠችና "ከክፉ ዓይን ሰውሪኝ" የሚለውን ጮክ ብላ አነበበች፤ "ይኸው ተጽፏል፤ አትቅረቢ" አለቻት።

ታንጉትም "እሱን እኮ እኔም ጠዋት ጠዋት እለዋለሁ፤ እናቴ በቃሌ አስጠንታኛለች" አለችና ባዶ ማሰሮዋን አንጠልጥላ ተመለሰች። አንዷም "የራሷን ዓይን ፈርታ ይሆናላ" ብላ አሳቀቻቸው፤ አጸደም አብራ ሳቀች።

በማግሥቱ የአጸደ ጡት ነጠፈ። ሕፃኑም የላም ወተት ቢያቀምሱት እምቢ አለና ሦስት ቀን ሙሉ እየዛለ ሄደ፤ እርሷም ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ወድቃ መጽሐፏን ብትገልጥ ገጹ ነጭ ሆነባት፤ አንድ ፊደል እንኳ አልታያት አለ። ያን ጊዜ "የአንቺን ልመና ሰማሁ፤ የእርሷን ግን ከአንቺ በፊት ሰምቼው ነበር" የሚል ለስላሳ ድምፅ ከሥዕሏ ወጣ።

አጸደም የማን ልመና እንደ ሆነ ገባትና ልጇን ታቅፋ ወደ ታንጉት ቤት ሮጠችና ከደጃፉ ቆመች። ታንጉትም ምንም ሳትጠይቃት የጭቃ እጇን ታጠበችና "አምጪው፤ የእኔስ ጠግቧል" ብላ ጡቷን ሰጠችው፤ ሕፃኑም ጠባና ነፍስ ዘራ። ወዲያውም የአጸደ ጡት አጋተ፤ ቤቷም ገብታ መጽሐፏን ብትገልጥ ፊደሉ ተመልሶ ነበርና እያለቀሰች እመቤታችንን አመሰገነች።

ነገር ግን ሴቶቹ ዛሬም ታንጉት ስትወርድ "መጽሐፉ ከልክሏል፤ አጸደ አንብባልናለች" እያሉ ይመልሷታል፤ አጸደም ልትናገር ትነሣና አንደበቷ በኀፍረት ይታሰራል፤ የልጇን የጡት እናት ከሩቅ እያየች ዓይኗን ትሰብራለች።

የሰማችሁትን ሁሉ የእመቤታችን ምልጃ ከነልጆቻችሁ ይጠብቃችሁ፤ አሜን። የምታውቁ ግን እባካችሁ ምከሯት፤ በሁሉ ፊት ያነበበችውን በሁሉ ፊት እንዴት አድርጋ ትመልሰው?