እሳት የወለደው

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» ካላችሁኝ፣ እኔ ዛሬ ከምድጃ እጀምራለሁ።

በአንድ ቤት ኩሩ እሳት ነበር። የሰነፍ ልጅ ወላጅ በታማ ቁጥር ሰዎች «እሳት አመድ ወለደ» ሲሉ ይሰማና ነበልባሉ ዝቅ ይላል። አንድ ጠዋት እመቤቲቱ ምድጃውን ስትጠርግ እሳት ልጁን አመድን፣ «ውጣልኝ፤ በአንተ የተነሳ መተረቻ ሆኛለሁ» አለው።

አመድ ጓሮ ተደፋ። እዚያ ቅጠሏ የገረጣ ዱባ ነበረች። እመቤቲቱ «እስከ መስቀል ካላፈራሽ እነቅልሻለሁ» ብላታለች።

ወሬኛዋ ዶሮ፣ «እቴ ዱባ፣ መድኃኒትሽ መጣልሽ። እኔ ቅማሌን የማራግፍበት ነው» ብላ አሾፈች።

አመድ ግን ዱባዋን፣ «እኔ ግንድ ነበርኩ። ያኔ ከመሬት የጠጣሁትን ለምነት፣ እሳት እንኳ ሊወስድብኝ አልቻለም። ዝናብ ሲመጣ ለሥርሽ አካፍለዋለሁ» አላት።

ዝናቡ መጣ። አመድ ከውሃው ጋር ወደ ሥሯ ሰረገ። ውሎ አድሮ ቅጠሏ ለመለመ፣ አበባዋም ፍሬ ያዘ።

በመስቀል ሰሞን እመቤቲቱ አንድ ዱባ በሁለት እጇ አቅፋ፣ እያለከለከች ገባችና ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው።

እሳት፣ «ይህ ደግሞ የየትኛው ትልቅ ቤት ልጅ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ዱባው፣ «አያቴ፣ አላወቁኝም? የአመድ ልጅ ነኝ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት እመቤቲቱ አመድ ልትዝቅ ስትመጣ እሳት ፍልጦቹን፣ «እስቲ ጠጋ በሉ፤ ልጄ ሥራ ሊወጣ ነው» አላቸው።

ተረቴን መልሱ፣ ለዛሬ አፌን በዱባ አብሱ።